በየቅዳሜው ምላጭ የምትገዛው ልጅ

ሰባት ወር ሙሉ ምላጭ ሸጥኩላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነው የምትመጣው። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር እንዴት እንደሚሞቅ የኖረበት ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ሲጠጋ እሷ ነጠላዋን አታላላም። «አምስት ምላጭ፣ ጥጥና አልኮል» ትላለች። ሒሳቧን ከፍላ ትወጣለች። እኔም ወደሚቀጥለው ሰው እዞራለሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። አንዲት ወጣት ሴት በየሳምንቱ አምስት ምላጭ የምትገዛው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ለአባቷ ወይም ለወንድሟ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈውም በከፊል ለዚያ ነው። በእሷ ሙሉ ፈቃድ ነው የምጽፈው፤ እሷም አስቀድማ አንብባዋለች። ስሟንና የምትሠራበትን ቦታ አልጠቅስም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፋርማሲው ጭር ባለበት መጣች። ምላጭ አልጠየቀችም። ወደ ባንኮኒው ተጠግታ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «ሲስተር፣ ፀጉርን ከሥሩ የሚያደርቅ መድኃኒት አላችሁ?» አለችኝ።

«የት ላይ ላለ ፀጉር?»

ዝም አለች። ዞር ብላ በሩን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

አገጯ ላይ ጠዋት የተላጨ ጢም አለ። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ወደ አንገቷም ወርዷል። በመካከሉ ቀያይ እብጠቶች ይታያሉ። እነዚህ ፀጉሩ ከተላጨ በኋላ ተጠምዝዞ ወደ ቆዳው ሲገባ የሚመጡ ናቸው። ፀጉራችን ጥቅልል ስለሆነ እኛ ላይ ይበዛል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ጉንጯ ነበር። ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል። ቀልቷል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ወጥተውበታል። በዚያ ላይ ለስላሳ ጥቁር ፀጉር ሞልቶበታል።

ወደ ጓዳ አስገብቼ አስቀመጥኳት። «የወር አበባሽ በየወሩ ይመጣል?» አልኳት።

ግራ ገባት። «እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ጢም ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ስለ እሱ ነው የምጠይቅሽ።»

የነገረችኝ

24 ዓመቷ ነው። የተወለደችው ዘጌ ነው። ዘጌ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የምታስኬድ፣ በቡና ደንና በጥንታዊ ገዳማት የምትታወቅ ባሕረ ገብ መሬት ናት። ቤተሰቦቿም በቡና ነው የሚተዳደሩት። እሷ ወደ ከተማ የመጣችው ለትምህርት ነው። ስትመረቅ ካሸር ሆና እዚሁ ቀረች።

የወር አበባዋን ያየችው በ13 ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጥቶላት አያውቅም። በዓመት አራት ጊዜ፣ ቢበዛ አምስት ጊዜ ይመጣል። አንዴ አምስት ወር ጠፍቶ ሲመጣ 12 ቀን ቆየባት። እናቷ «የእኔም እንደዚያ ነበር» ስላሏት ነገሩን ተወችው።

በ16 ዓመቷ አገጯ ላይ ሦስት ጥቁር ፀጉሮች አየች። በወረንጦ ነቀለቻቸው። በ18 ዓመቷ መንቀሉ የየቀን ሥራ ሆነ። በ20 ዓመቷ ምላጭ ያዘች። ከእምብርቷ በታችና ጭኗ ላይም ፀጉር እየጠቆረ መጣ። ስምንት ዓመት ለማንም ሰው አልተናገረችም። ዩኒቨርሲቲ እያለች ዶርም ውስጥ ሁሉም ተኝቶ ሳለ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ በስልኳ መብራት ትላጭ ነበር። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ኮስሞቲክስ ቤት «ፊት የሚያጠራ» ቅባት ሸጡላት። መላጨቱ የተወውን ጥቁረት ያጠፋልሻል ተባለች። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቷ በእርግጥ ጠራ። ስለዚህ በየቀኑ ሁለቴ መቀባት ቀጠለች። ስትተወው ፊቷ ይቃጠላል፤ ስትመለስበት ይበርድላታል። ቅባቱን እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት። በማግስቱ አመጣችው። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ይላል።

ክሎቤታሶል ቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኞቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ፣ ለአጭር ጊዜ ያዝዘዋል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ የደም ሥር ያጎላል። ፀጉርም ያበቅላል። የጉንጯ ፀጉር የመጣው ከዚያ ነው። የአገጯ ግን ሌላ ታሪክ አለው። አንድ ፊት ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነበሩ። እኔ ያን ዕለት አንዱን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልተፈቱ ነበር።

ጢሙ ከየት መጣ

የወንድ ሆርሞን የምንላቸው አንድሮጂኖች በሴት ሁሉ ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ አሉ። የሚመነጩት እንቁላል ከሚያመርተው ከኦቫሪ፣ እንዲሁም ከኩላሊት በላይ ካለው ከአድሬናል ዕጢ ነው። ሲበዙ፣ ወይም የፀጉር ሥሩ ቶሎ ሲሰማቸው፣ ለስላሳው ፀጉር ወደ ወፍራምና ጥቁር ይለወጣል። የሚለወጠውም ወንዶች ፀጉር በሚያወጡባቸው ቦታዎች ነው፤ ከንፈር በላይ፣ አገጭ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን። ሐኪሞች ሂርሱቲዝም ይሉታል። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው። ከጊዮርጊስ ወደ ዓባይ ማዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሴቶች ብቻ ቢሳፈሩ አንዷ ልትኖርበት ትችላለች ማለት ነው። የማናያቸው እንደ እሷ ሌሊት ተነስተው ስለሚላጩ ነው።

መንስኤው ከአራት ሴቶች በሦስቱ ገደማ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የሚባል የኦቫሪና የሆርሞን መዛባት ነው። በሌሎች ሴቶች ግን ከአድሬናል ዕጢ የሚነሳ፣ በዘር የሚወረስ ችግር ይሆናል። አንዳንዴ መድኃኒት ያመጣዋል። አንዳንዶች ላይ ደግሞ ሆርሞናቸው ትክክል ሆኖ ፀጉሩ ብቻ ይበዛል። አልፎ አልፎ ግን ሆርሞን የሚያመነጭ እባጭ (ቱመር) ይሆናል። እኔ ቀድሜ የፈራሁት እሱን ነበር። ድምፅሽ ጎርንኗል ወይ? ፀጉርሽ ከግንባርሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል ወይ? በጥቂት ወራት ውስጥ ነው ወይ ተንደርድሮ የመጣው? እያልኩ ጠየቅኳት። ሁሉንም «አይደለም» አለች። ባለፉት ስምንት ዓመታት ቀስ እያለ ነው የመጣው። እፎይ አልኩ። አንዷን ጥያቄ እንኳ «አዎ» ብላ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሆስፒታል እወስዳት ነበር። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ያንቺ መልስ «አዎ» ከሆነ ቀን አትቁጠሪ።

ምርመራው

ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አንገራገረች። «ያላገባሁ ልጅ ነኝ። ማኅፀን ሐኪም በር ላይ ሰው ቢያየኝስ?» አለች። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት፤ ወሬ ግን ከባጃጅ ይፈጥናል። በዕረፍት ቀኔ አብሬያት ሄድኩ። ወረፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያየን ሰው እኔ ታምሜ እሷ ያስታመመችኝ ይመስለው ነበር።

ዶክተሯ መጀመሪያ ፀጉሩን በነጥብ ለኩት። ፌሪማንና ጋልዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በኋላም የተሻሻለ መለኪያ አለ። ዘጠኝ የሰውነት ቦታዎች ይታያሉ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ከ8 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ሂርሱቲዝም ይባላል። የእሷ አገጭ 4፣ ከእምብርት በታች 3፣ ከንፈር በላይና ጭን 2፣ 2፣ ደረት፣ የላይኛው ሆድና ክንድ አንድ አንድ ሆነ። ድምሩ 14። ችግሬ የምትለው ነገር በቁጥር ሲጻፍ ስታይ ፊቷ ላይ የሆነ እፎይታ አየሁ። የሕክምና ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ስለዚህ በሽታ ነው፤ የእሷ ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ ዶክተሯ አንገቷን ከኋላ አዩት። ጠቁሯል፤ ወፈር ብሎም ሲነካ እንደ ከፋይ ነው። ልጅቷ አፈረች። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ እድፍ ነው ብለው በሎሚና በእንዶድ ሲፈትጉት ኖረዋል። እድፍ አይደለም። አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል። ደሟ ውስጥ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ መብዛቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ኢንሱሊን ሲበዛ ኦቫሪን አንድሮጂን እንዲያመነጭ ይገፋፋዋል። ጉበት የሚሠራውንና ዋነኛውን አንድሮጂን፣ ቴስቶስትሮንን፣ አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲንም ይቀንሳል። ስለዚህ ያ የአንገት ጥቁረትና ያ የአገጭ ጢም የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 71 ኪሎ። የደም ግፊቷ 118 በ76። የእርግዝና ምርመራ ተደረገላት፤ የለም። ታይሮይድና ፕሮላክቲን የሚባሉት ሆርሞኖች ደህና። ቴስቶስትሮን በመጠኑ ከፍ ያለ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 108፤ ይህ ገና የስኳር በሽታ አይደለም፤ ግን ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። የአድሬናሉን የዘር ችግር ለመለየት 17 ሃይድሮክሲ ፕሮጄስትሮን የሚባል ምርመራ ያስፈልግ ነበር። ደሙ በጠዋት ተቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ትክክለኛ ሆኖ ተመለሰ። ድንግል ስለሆነች አልትራሳውንዱ በሆዷ በኩል ነው የተነሳው። ለዚያ ብላ ውኃ ጠጥታ ፊኛዋ እስኪሞላ ጠበቀች። ሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ ብዙ ትናንሽ የውኃ ከረጢቶች ታዩ።

በ2003 እ.ኤ.አ. ሮተርዳም ላይ ሐኪሞች በተስማሙበት መስፈርት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ከተገኙ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ይባላል፤ ሌሎቹ መንስኤዎች ተጣርተው ከወጡ በኋላ ማለት ነው። የወር አበባ መዛባት አንድ። የአንድሮጂን መብዛት ሁለት። የኦቫሪው መልክ ሦስት። እሷ ሦስቱም አሏት።

«ሲስት» የሚለውን ስትሰማ ደነገጠች። ቀዶ ጥገና መሰላት። ዶክተሯ ወረቀት አውጥተው ሳሉላት። ሲስት የተባሉት ሳይበስሉ የቀሩ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። እባጭ (ቱመር) አይደሉም፤ በቀዶ ጥገና አይወጡም፤ ካንሰርም አይደሉም።

እናት ከዘጌ መጡ

የታዘዘላት መድኃኒት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ነበር። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ተጀመረ። ከቦርሳዋ ውስጥ ታናሽ ወንድሟ አገኘው። ወሬው በጀልባ ዘጌ ደረሰ። በሳምንቱ እናቷ ነጠላቸውን አደግድገው ፋርማሲው በር ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ይህን የሰጠሻት። ሳታገባ የወሊድ መከላከያ? ምን ብዬ ነው ሰፈር የምገባው?»

«እማማ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ። አልቀየምዎትም፤ እውነት አለዎት፤ መጠየቅዎ ደግ ነው» አልኳቸው። ሻይ አስመጣሁ።

«ደግሞስ ሪዝ ለሴት ምኗ ነው? የእኔም እናት ሪዛም ነበረች። ጸጋ ነው ይባል ነበር።»

አልተከራከርኳቸውም። ሪዝ የሚያምርባት ሴት አለች። ስንት ሰው ወዶታል። ማንም ሴት ፀጉሯን የግድ ማንሳት የለባትም። ግን ጥያቄው የፀጉሩ ብቻ አልነበረም። የወር አበባ ለወራት ሲቀር የማኅፀን ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል። በዓመታት ውስጥ ወደ ክፉ በሽታ ሊለወጥ ይችላል። ኪኒኑ ያን ይከላከላል። ኦቫሪው አንድሮጂን እንዳያበዛ ያደርጋል። ጉበት ደግሞ ያን አሳሪ ፕሮቲን በብዛት እንዲሠራ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳይታሰር የሚንቀሳቀሰው ቴስቶስትሮን ያንሳል። ስሙ የወሊድ መከላከያ ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሥራው መድኃኒትነት ነው። ይህን ሁሉ በሳቸው ቋንቋ፣ ስለ ቡና ተክል እያወራሁ ነገርኳቸው። ያልተገረዘ ቡና ቅጠል ብቻ ያበዛል አይደል?

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የልባቸውን ጠየቁኝ። «ትወልዳለች?»

ያ ነበር ነገሩ። ነውሩም፣ ሰፈሩም፣ ሪዙም ከዚህ ጥያቄ ኋላ ነበሩ። ኪኒኑ አያመክንም አልኳቸው። ይህ ችግር ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ይወልዳሉ። እንቁላሉ በጊዜው ካልወጣ ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙዎችን ረድቷል። እናትየዋ ሻያቸውን ጨረሱ። «ጠበሏንም አታቋርጥ እንግዲህ» አሉና ተነሱ። አታቋርጥም አልኳቸው። አላቋረጠችም።

ስድስት ወር

ኪኒን ከመጀመሯ በፊት ዶክተሯ ጥቂት ነገሮች ጠይቀዋታል። ከዓይን ብልጭታ ጋር የሚመጣ ማይግሬን፣ በእግር ወይም በሳንባ የረጋ ደም፣ የደም ግፊት፣ ሲጋራ። እነዚህ ላሉባት ሴት ይህ ኪኒን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዬ ተሽሏታል ብሎ ከፋርማሲ መግዛት አይገባም የምለው ለዚህ ነው፤ እኔ ራሴ ሻጯ ሆኜ ሳለሁ ነው የምለው።

ሜትፎርሚንም ታዘዘላት። እሱ ለስኳሩና ለወር አበባዋ ነው፤ ጢም ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ብዙ ሴቶች ይህ አይነገራቸውም፤ ፀጉሩን እየጠበቁ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ጉንጯን የቆዳ ሐኪም ያዘው። ክሎቤታሶሉ በአንዴ አልተቆረጠም፤ ወደ ቀላል ስቴሮይድ ወርዶ ቀስ በቀስ ቆመ። እንደዚያም ሆኖ ለሦስት ሳምንት ፊቷ እሳት ሆነ። አበጠ፣ አሳከካት። በየማታው ትደውልልኛለች። «አንዴ ብቻ ልቀባው?» ትለኛለች። ቫዝሊንና የፀሐይ መከላከያ ብቻ አልኳት። ቻለችው። በአራተኛው ወር የጉንጯ ለስላሳ ፀጉር እየረገፈ ሄደ። ስቴሮይድ ያበቀለው ፀጉር ስቴሮይዱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ራሱ ይሄዳል።

የአገጩ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ወፍራም የሆነ ፀጉር በመድኃኒት ብቻ ወደ ለስላሳነቱ አይመለስም። መድኃኒቱ አዲሱን ያዘገየዋል፤ ያለውን በእጅ ማንሳት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ዕድሜ ስላለው ለውጥ ለማየት ቢያንስ ስድስት ወር ይወስዳል። ስለዚህ መላጨቷን ቀጠለች። «መላጨት ነው ያወፈረብኝ» ብላ ታምን ነበር። አይደለም። በ1928 እ.ኤ.አ. ጭምር ተጠንቶ መላጨት ፀጉርን እንደማያወፍርና እንደማያፋጥን ታይቷል። የተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ደፍጣጣ ስለሆነ ነው ሲነካ የሚሻክረው። ያስተካከልነው አላላጯን ነው። ቆዳውን ለብ ባለ ውኃ ማርጠብ፤ ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ መላጨት፤ አለመጫን፤ አልኮሉን መተው። ያ አልኮል ምን ያህል እንዳቃጠላት ሳስብ ያመኛል፤ የሸጥኩላት እኔ ነኝ። በክርና በዋክስ መንቀል በዚያ በሳሳ ቆዳ ላይ ስለሚልጥ ተከለከለች።

በሦስተኛው ወር ተቆጥታ መጣች። «ምንም የለም! አታላችሁኛል» አለች። በየወሩ አገጯን በስልኳ እንድታነሳ ነግሬያት ነበር። ጎን ለጎን አየነው። እውነትም ለውጡ ኢምንት ነበር። አልዋሸኋትም፤ «ገና ነው» አልኳት።

ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት በጣና ዳር መሄድ ጀመረች። ጀልባዎቹ ገና ሳይነሱ፣ ውኃው ላይ ጉም እያለ። ከምግቧ ያነሳችው ለስላሳ መጠጥንና ሻይ ላይ የምታደርገውን አራት ማንኪያ ስኳር ነው። እንጀራዋን አልነካንባትም፤ በጾም ግን ዳቦ በዳቦ መዋሏን ተወች። በስድስተኛው ወር 67 ኪሎ ሆነች። ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ እንኳ ለዚህ ችግር ዋጋ አለው። የፀጉሩ ነጥብ ከ14 ወደ 11 ወረደ።

የልብ መድኃኒት

11 ለእሷ አልበቃትም፤ ለዶክተሯም። ስፓይሮኖላክቶን ተጨመረ፤ በቀን እስከ 100 ሚሊግራም። ይህ መድኃኒት አንድሮጂን የፀጉር ሥሩን እንዳይነካ ይዘጋበታል። በቅድሚያ ኩላሊቷና ፖታሲየሟ ተለካ። እያረገዙ መውሰድ አይቻልም፤ ወንድ ፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የወሊድ መከላከያ አብሮ የሚሰጠው ለዚህም ጭምር ነው።

ሦስት ሳምንት አቋርጣ አገኘኋት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ፓኮውን አይታ «ይህ እኮ ልብ ድካም ላለባቸው አሮጊቶች የሚሰጥ ነው፤ አያቴ ትወስደው ነበር» ብላታለች። ልክ ናት። ለልብ ድካምም ይሰጣል። መድኃኒቱን ያስረከብኳት እኔ ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ መንገር የእኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሦስት ሳምንት አይባክንም ነበር። አሁን ስፓይሮኖላክቶን ለወጣት ሴት ሳስረክብ ከሁሉ በፊት የምናገረው እሱን ነው።

ኤፍሎርኒቲን የሚባል ክሬምም አለ። መጀመሪያ የታወቀው በፄፄ ዝንብ ለሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ መድኃኒትነቱ ነው፤ ኋላ የፊት ፀጉርን እንደሚያዘገይ ተደረሰበት። እኔ በምሠራበት ፋርማሲ ግን መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ አልጠበቅነውም።

ሌዘሩን በተመለከተ፣ በስምንተኛው ወር አንድ የውበት ሳሎን «ለሁልጊዜ ይጠፋል» ብሏት ቀብድ ልትከፍል ነበር። መሣሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂ አልኳት። አላወቁትም። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሌዘር ብርሃን የሚፈልገው በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቀለም ነው። የእኛ ቆዳም ያው ቀለም አለው። ያልተገባ ብርሃን ከሆነ ፀጉሩን ትቶ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ጠባሳው ይቀራል። ለጥቁር ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ 1064 ናኖሜትር የሆነው ሌዘር ነው። እሱም ቢሆን ፀጉሩን ለረጅም ጊዜ ያሳንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ፀጉርን አንድ በአንድ ከሥሩ በኤሌክትሪክ የሚገድለው ኤሌክትሮሊሲስ ብቻ ነው ለዘለቄታው ያጠፋል የሚባለው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜና ብዙ ትዕግሥት ይበላል። ሆርሞኑ ሳይገራ ሌዘር መጀመርም ብር ጣና ውስጥ መጣል ነው።

ቀብዱን አልከፈለችም። ብሩን አጠራቀመች። በ11ኛው ወር የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ አንድ የቆዳ ሐኪም በትክክለኛው ሌዘር መጀመሪያ ከመንጋጋዋ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞከረው። ቆዳዋ ደህና መሆኑን ካየ በኋላ ነው የጀመረላት። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ነው። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ ቢያንስ ሦስት ይቀራታል። መንገዱ ያደክማታል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ለሁሉም ሴት የሚሆን መፍትሔ ነው አልልም።

ዛሬ

ሕክምና ከጀመረች 16 ወር ሆኗታል። ነጥቧ 7 ነው። በየጠዋቱ የነበረው መላጨት በአሥር ቀን አንዴ ሆኗል። በመጨረሻው ምርመራ ስኳሯ 96 ነበር። የአንገቷ ጥቁረት ሳስቷል እንጂ አልጠፋም። አልዳነችም፤ ይህ የሚድን ሳይሆን የሚያዝ ነገር ነው። መድኃኒቱን ብታቆም ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፤ ታውቃለች። በቅርቡ ታጭታለች። ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። ስፓይሮኖላክቶኑን መቼ እንደምታቆም ከዶክተሯ ጋር ተነጋግረዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እናቷ በጠዋቱ ጀልባ መጡ። የተቆላ ቡና ይዘውልኝ ነው። ከኋላቸው ታናሿ ልጃቸው ቆማለች፤ 14 ዓመቷ ነው።

«ይችንም ጠይቂያት» አሉኝ።

ጠየቅኳት። የወር አበባ ካየች ገና አሥር ወሯ ነው። ሁለቴ ቀርቶባታል። ፊቷ ላይ ምንም የለም። በመጀመሪያው ዓመት መዛባቱ የተለመደ ነው፤ እስኪስተካከል ሁለትና ሦስት ዓመት ሊወስድም ይችላል። በዚህ ዕድሜ አልትራሳውንድ ማንሳትም አያስፈልግም፤ የጤነኛ ልጅ ኦቫሪም እንዲሁ ሊመስል ይችላል። ግን ይህ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ካሉት የኪስ ካሌንደሮች አንዱን አንስቼ ሰጠኋት። የመጣበትን ቀን ሁሉ ምልክት አድርጊ፤ ሦስት ወር ሙሉ ከቀረብሽ፣ ወይም አገጭሽ ላይ የሆነ ነገር ካየሽ እኔ ዘንድ ነይ አልኳት።

እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።